የሁሉም ቁልፍ አንድ የሆነ ሣጥን፤ ስለ ዋይፋይ መሣሪያዎችና ስለ ነጋዴው ኃላፊነት

ንግድ በመታመን የሚቆም ሥራ መሆኑን ለዚህ የንግድ ዜና አንባብያን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሚዛኑ ትክክል፣ ደረሰኙ እውነተኛ፣ ቃሉም የጸና ነጋዴ ገንዘብ ቢያንሰው እንኳ ዱቤ የሚሰጠው ሰው አያጣም። በአንጻሩ ግን ማኅተሙን ከደጅ ጥሎ የሚሄድ፣ የካዝናውንም ቁልፍ ከበሩ ላይ ሰቅሎ የሚያድር ነጋዴ ቢገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ይገሥጸዋል፤ አምኖ የሚያበድረውም አይኖርም። ዳሩ ግን ዛሬ ብዙዎቻችን ማኅተማችንንም ቁልፋችንንም ከደጅ ትተን የምናድር መሆናችንን አላስተዋልንም። ይህን የምናደርገው በክፋት አይደለም፤ በሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ መብራቷ ብልጭ ድርግም የሚለውን ያችን ትንሽ ሣጥን ምንነት አጥርተን ባለማወቃችን ነው። ይህች ሣጥን ራውተር የምትባለው፣ ኢንተርኔትን በሽቦ ወይም በሲም ካርድ ተቀብላ፣ በተለምዶ ዋይፋይ በምንለው መንገድ ያለ ሽቦ ለስልኮቻችንና ለኮምፒዩተሮቻችን የምታከፋፍለው መሣሪያ ናት።

የዓለም ከተማ ነጋዴ የአዲስ አበባን የጤፍና የማሽላ ዋጋ ለማወቅ፣ በሙከጡሪና በለሚ በኩል መጥቶ የጀማን ሸለቆ የሚሻገረውን መኪና ይጠብቅ የነበረበት ዘመን ከብዙዎቻችን ትዝታ አልጠፋም። ዋጋው ከሹፌሩ አፍ እስኪሰማ ድረስ ገዢም ሻጭም በግምት ይነጋገር ነበር። አሁን ግን ዋጋው በስልክ ይደርሳል፤ የዕቃው ፎቶግራፍ በስልክ ይላካል፤ ገንዘቡም በባንኮች የስልክ አገልግሎት፣ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው በቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አገራችን በገባው በኤም ፔሳ ይተላለፋል። ሸለቆው ለእኛ ለነጋዴዎች እንደ ተሞላ ይቈጠራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይሁን እንጂ የተሞላ ሸለቆ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለሌባም መንገድ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ በር የሆነችውን ሣጥን የሚጠብቃት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደዚህ አሳብ ያመጣኝ በምሠራበት መደብር የደረሰ አንድ ነገር ስለ ሆነ ባጭሩ ልግለጠው። ሣጥኗን አንድ ባለሙያ ገጥሞልን ከሄደ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ማንም አልነካትም። የዋይፋዩንም የይለፍ ቃል ደንበኞች ሲጠይቁን እንዳንቸገር በወረቀት ጽፈን ከመደርደሪያው አጠገብ ለጥፈነው ነበር። አንድ ቀን ጧት ኮምፒዩተሩን ስከፍት የመረባችን ስም ተለውጦ «ዱቤ ዛሬ የለም» የሚል ሆኖ አገኘሁት። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ትምህርቱን የሚያጠና አንድ የጎረቤት ልጅ መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ባለ መደብሩ ጠርተው «ሰብረህ ነው የገባኸው?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልሰበርኩም፤ የእኛም ቤት ሣጥን እንዲሁ ናት፤ የሁለቱም ቁልፍ አንድ ነው» ሲል መለሰላቸው። በነገሩ ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቱም ስሙን መለወጥ የቻለ ልጅ ከስሙ የበለጠውን ሁሉ መለወጥ ይችል እንደ ነበረ ገባኝ። ልጁ ቀልደኛ ነበረና ቀለደብን፤ ሌባ ቢሆን ኖሮ ግን ስሙን አይነካውም፤ መግባቱንም አናውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንባብያን እንዲያስተውሉት የምወደው ዋና ነገር አለ። አንዲት ራውተር ሁለት ቁልፎች አሏት። አንደኛው ሰዎች ወደ ዋይፋዩ የሚገቡበት የይለፍ ቃል ሲሆን ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን የሣጥኗ የራሷ የአስተዳደር ቁልፍ ነው። በዚህኛው የሚገባ ሰው ሣጥኗን እንደ ገዛ ንብረቱ ያዝዛታል፤ ማን እንዲገባና ማን እንዳይገባ ይወስናል፤ መልእክቶቻችን በየት በኩል እንዲያልፉ ይመራል። ይህ ሁለተኛው ቁልፍ በብዙ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ «አድሚን» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ያው ቃል በዚያው ዓይነት በሺህ የሚቈጠሩ ሣጥኖች ላይ አለ፤ በመመሪያ መጽሐፉም ታትሟል። እኛም የመጀመሪያውን ቁልፍ ለውጠን ሁለተኛውን መኖሩን እንኳ ሳናውቅ እንቀመጣለን። የፊት በሩን ቈልፎ የጓሮውን ክፍት የተወ ሰው ከእኛ በምን ይለያል?

«ከዚህ ሩቅ አገር ተቀምጦ የዓለም ከተማን ሱቅ የሚፈልግ ማን ነው?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን የዛሬው ሌባ ቤት አይመርጥም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዓለም ተሠራጭቶ ነበር። ሥራውም እጅግ ቀላል ነበር፤ ይኸውም በኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የራውተርና የካሜራ በር ሁሉ እያንኳኳ፣ ከፋብሪካ የሚወጡ ከ60 የሚበልጡ የታወቁ የመግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ መግባት ነው። በዚህ መንገድ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ መሣሪያዎችን ማረከ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ የተማረኩ መሣሪያዎች በአንድነት ዳይን የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ስላጥለቀለቁት፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለብዙ ሰዎች ተቋረጡ። ሚራይን የጻፉት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች መሆናቸው ኋላ ተደርሶበት በ2017 ዓ.ም. ጥፋታቸውን በፍርድ ቤት አመኑ። እንግዲህ በር የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን ማሽን ነው፤ ማሽንም ድካም የለውም፤ የአዲስ አበባን በርና የመርሐቤቴን በር አይለይም።

የአፍሪካ ጎረቤቶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በላይቤሪያ ሎንስታር የተባለው የስልክ ኩባንያ በሚራይ ዓይነት ጥቃት ተመትቶ የደንበኞቹ ኢንተርኔት ተደነቃቅፎ ነበር። ጥቃቱን የፈጸመው ሰው ከአንድ ተወዳዳሪ ኩባንያ ሹም ገንዘብ ተቀብሎ መሆኑ ተረጋግጦ፣ በ2019 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት የ32 ወር እስራት ተፈረደበት። በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፣ በጀርመን አገር ወደ 900,000 የሚጠጉ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ራውተሮች ከሥራ ውጭ የሆኑት በዚሁ ሰው ምክንያት ነበር። ይህ ነገር ለነጋዴ የሚያስተምረው አለ። የሰዎች ቤት ሣጥኖች በንግድ ፉክክር ውስጥ እንደ ጦር መሣሪያ ሊያገለግሉ ችለዋል፤ የሣጥኖቹ ባለቤቶች ግን ከኢንተርኔት መዝግየት በቀር ምንም አላወቁም።

ከዚህ ቀጥሎ ለእኛ ለነጋዴዎች በቀጥታ የሚደርሰውን ጉዳት በሦስት ከፍዬ ላስረዳ።

የመጀመሪያው የተሳሳተ ደጅ ላይ መወሰድ ነው። በስልካችን የአንድ ባንክ ስም ስንጽፍ፣ ያ ስም የት እንደሚገኝ የሚጠየቅ የስም መዝገብ አለ። ሥራው በድሮ ዘመን የስልክ ማዕከል ሠራተኛ ስም ተነግሯት መስመሩን ታገናኝ ከነበረው ጋር ይመሳሰላል። የሣጥኗን አስተዳደር የያዘ ሌባ መዝገቡን በራሱ መዝገብ ሊተካው ይችላል። ያን ጊዜ እኛ ባንክ የጠራን ሲመስለን የሚመልስልን ሌባው ይሆናል። በብራዚል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በዚህ ዘዴ አራት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሞደሞች ተጠልፈው፣ ሕዝቡ ሐሰተኛ ወደ ሆኑ ገጾች ተመርቶ የባንክ ምስጢሩን ተሰርቋል።

ሁለተኛው በስማችን ወንጀል መሠራቱ ነው። በመረብ ላይ የሚደረገው ነገር ሁሉ የሚታወቀው በተደረገበት ቤት አድራሻ ነው። ሌቦች የሰውን ራውተር ይዘው አድራሻውን ለሌሎች ወንጀለኞች ያከራያሉ። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ2025 ዓ.ም. በሜይ ወር፣ ዘመናቸው ያለፈባቸው ራውተሮች እንዲህ ባለው ኪራይ ላይ እየዋሉ መሆናቸውን ገልጦ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ማኅተማችን በማናውቀው ውል ላይ ታትሞ ቢገኝ ምን ያህል መልስ እንደሚያስፈልገን እያንዳንዱ ነጋዴ ያውቀዋል።

ሦስተኛው በተለይ አስመጪዎችንና ላኪዎችን ይመለከታል። በመሥሪያ ቤቱ መረብ ውስጥ የገባ ሰው በዚያው መረብ ላይ ያሉትን አሮጌና ጥበቃ የሌላቸውን ኮምፒዩተሮች፣ ካሜራዎችና የማተሚያ መሣሪያዎች በቅርብ ይደርስባቸዋል። ከዚያም የደብዳቤ ልውውጡን ካገኘ፣ ዋጋ መጠየቂያው በሚላክበት ቀን የባንክ ሒሳብ ቍጥሩን ብቻ ለውጦ ሐሰተኛ ደብዳቤ ይልካል። ገዢው ከፍያለሁ ይላል፤ ሻጩ አልደረሰኝም ይላል፤ የብዙ ዓመት ወዳጅነትም በአንድ ቍጥር ይፈርሳል። ስለዚህ «የባንክ ሒሳባችን ተለውጧል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ፣ በዚያው ደብዳቤ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን አስቀድሞ በምናውቀው ስልክ ደውለን በድምፅ ሳናረጋግጥ አንዲት ሳንቲም እንዳንልክ አደራ እላለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩን ከመጠን በላይ ማስፈራሪያ ማድረግ አልወድም። የባንኮች ገጾችና የስልክ ፕሮግራሞች መልእክታቸውን በምስጢር ጽሕፈት ስለሚልኩ፣ ሣጥኗን የያዘ ሌባ የሚያልፈውን ሁሉ እንደ ግልጥ ደብዳቤ አያነበውም። ወደ ሐሰተኛ ገጽ በተመራን ጊዜም ስልካችን ብዙውን ጊዜ ገጹ የማይታመን መሆኑን ይነግረናል፤ ጥፋቱ የሚመጣው ማስጠንቀቂያውን ሳናነብ «ቀጥል» የምንለው እኛ ስንሆን ነው። ደግሞም በ*127# የሚሠራው ቴሌብር በስልኩ መስመር እንጂ በዋይፋያችን በኩል አያልፍም። እንግዲህ ጥንቃቄያችን ነገሩን ከማወቅ የመጣ ይሁን፤ ፍርሃት ብቻውን ሣጥን አይጠብቅም።

ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር በመሣሪያው ውስጥ ያለው ስሕተት ነው። ራውተር በውስጧ ሶፍትዌር የሚባል የተጻፈ ትእዛዝ አላት፤ ጽሑፉን የጻፈው ሰው ስለ ሆነ ስሕተት አይታጣበትም። የዋይፋይ ጥበቃ ታሪክ ራሱ ይህን ያስረዳል። ዌፕ የተባለው የመጀመሪያው የጥበቃ ሥርዓት በ2001 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሊቃውንት ተፈታ። የይለፍ ቃል መጻፍ ለሚከብደው ሰው ታስቦ የተሠራው፣ ደብሊው ፒ ኤስ የተባለው ባለ ስምንት አኃዝ ቍጥር ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ደካማ ሆኖ ተገኘ። ስምንት አኃዝ አንድ መቶ ሚሊዮን ሙከራ የሚፈልግ ይመስላል፤ ነገር ግን መሣሪያው ቍጥሩን ለሁለት ከፍሎ የትኛው ግማሽ እንደ ተሳሳተ ስለሚናገር፣ የመጨረሻውም አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ወደ 11,000 ሙከራ ብቻ ይበቃዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በቤልጅግ አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች የተሻለ በሚባለው በሁለተኛው የደብሊው ፒ ኤ ሥርዓት ላይ ጉድለት አገኙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛው ሥርዓት ወጣ።

ታዲያ ስሕተት መገኘቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ስሕተቱ ታርሞ እርማቱ ወደ ባለቤቱ ካልደረሰ ግን ጥፋት ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ 12 ሚሊዮን በሚጠጉ ራውተሮች ላይ አንድ ከባድ ጉድለት መኖሩ ተገለጠ። የሚያስገርመው ግን ሶፍትዌሩን የሠራው ኩባንያ ያንን ጉድለት በ2005 ዓ.ም. አርሞት የነበረ መሆኑ ነው። ሣጥኖቹን የሚሠሩት ፋብሪካዎች አሮጌውን ጽሑፍ እንደ ያዙ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲሸጡ ኖሩ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ አርቸር ኤ ኤክስ 21 በሚባለው የቲፒ ሊንክ ራውተር ላይ ለተገኘው ጉድለት ኩባንያው በማርች ወር እርማት አወጣ፤ በኤፕሪል ወር ግን የሚራይ ዓይነት ፕሮግራሞች እርማቱን ያልጫኑትን ሣጥኖች መማረክ ጀመሩ። መድኃኒቱ ተገኝቶ በሽተኛው ካልዋጠው ምን ይጠቅማል?

የአገራችንን ነገር የተመለከትን እንደ ሆነ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ጉዳይ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 ሳይፈቀድለት በሰው ኮምፒዩተር ወይም መረብ ውስጥ ሆን ብሎ የሚገባውን ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የቴሌኮም መሣሪያዎችን ጉዳይ ይቈጣጠራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1321 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል፤ የደንበኞቹን ስምና ስልክ በኮምፒዩተር የመዘገበ ነጋዴም ይህን ልብ ሊል ይገባዋል። ሕጉ ሌባውን ከሰረቀ በኋላ ይቀጣልናል፤ በሩን ግን አይዘጋልንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከጥፋት በኋላ የሚደረግ ጩኸት የጠፋውን ገንዘብ አይመልስም።

መሣሪያ ስንገዛ ስለ ምንጩ መጠየቅ ተገቢ መሆኑን አዲስ አበባ ራሷ አይታዋለች። በ2018 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ፣ ከአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮች ለአምስት ዓመት ያህል በየሌሊቱ መረጃ ወደ ውጭ አገር ይተላለፍ ነበር ሲል ጻፈ። ሕንጻውን የሠራችው ቻይና ነገሩን ሐሰት ነው ስትል አስተባበለች፤ የኅብረቱም መሪዎች ክሱን አልተቀበሉትም። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ ፈራጅ አይደለሁም። ነገር ግን ክሱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ «ሣጥኗን ማን ገጠማት? ቁልፏስ በማን እጅ አለ?» የሚለው ጥያቄ ታላቁን ጽሕፈት ቤት ካስጨነቀው፣ ትንሹን ሱቅ የማያስጨንቅበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ አሳቤን በግልጥ ላስቀምጥ። በእኔ አስተያየት የዚህ ነገር የመጀመሪያው ኃላፊነት የተጠቃሚው ሳይሆን የአስመጪው ነው። ከአስመጪው ቀጥሎ የባለ ሱቁ፣ ከባለ ሱቁ ቀጥሎ የገዢው ይሆናል። ሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ «ትክክል መሆኑን አንተው ፈትሽ» ብሎ ለገዢው አይሰጠውም፤ ልኩ የተረጋገጠ ሚዛን ያመጣል እንጂ። ሚዛን ቢሳሳት የሚጎዳው ገዢና ሻጭ ብቻ ነው። የተሳሳተች ራውተር ግን፣ ከላይ እንደ ተገለጠው፣ በሌላ አገር ያለውን ሰው ሳይቀር ትጎዳለች። ከዚህም በላይ ፋብሪካውን ጠይቆ መልስ ሊያገኝ የሚችለው በሺህ የሚቈጠር ዕቃ የሚያዝዘው አስመጪ እንጂ አንዲት ሣጥን የሚገዛው የዓለም ከተማ ባለ ሱቅ አይደለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ወደ ማወቅ ደርሰዋል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሁሉም ቁልፍ አንድ የሆነ መሣሪያ በገበያቸው እንዳይሸጥ በሕግ ከልክለዋል። የእንግሊዙ ሕግ በተጨማሪ፣ አምራቹ ለስንት ጊዜ እርማት እንደሚሰጥ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። እንግዲህ ፋብሪካዎች ለእያንዳንዷ ሣጥን የተለየ ቁልፍ ማበጀት ይችሉበታል ማለት ነው። ወደዚያ መግባት የተከለከለው ዕቃ ወደማይጠይቅ ገበያ እንዳይላክ ግን የሚያግደው የእኛው ጥያቄ ብቻ ነው።

«እንዲህ ያለው ዕቃ ዋጋው ይወደዳል፤ ገዢው ርካሹን ይመርጣል» የሚል መልስ ከአስመጪዎች ወንድሞቻችን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ውጭ ምንዛሪ እንዴት እንደሚገኝም በጽሕፈት ሥራዬ አየዋለሁና በቀላሉ የምንቀው መልስ አይደለም። ነገር ግን ከጥያቄዎቹ የሚበዙት ገንዘብ አይጠይቁም። አስመጪው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት አምራቹን እነዚህን አምስት ነገሮች በጽሑፍ ቢጠይቅ ይበቃል።

አንደኛ፦ እያንዳንዷ ሣጥን የራሷ የሆነ የተለየ የአስተዳደር የይለፍ ቃል አላት ወይ?
ሁለተኛ፦ የሶፍትዌር እርማት እስከ ስንት ዓ.ም. ይሰጣል?
ሦስተኛ፦ እርማቱን ሣጥኗ በራሷ ትቀበላለች ወይስ ሰው መጫን አለበት?
አራተኛ፦ ከሩቅ በኢንተርኔት የሚከፈተው የአስተዳደር በር ከፋብሪካ ሲወጣ የተዘጋ ነው ወይ?
አምስተኛ፦ ቢያንስ ሁለተኛውን፣ ቢቻል ሦስተኛውን የደብሊው ፒ ኤ የጥበቃ ሥርዓት ትቀበላለች ወይ?

የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «በሚቀጥለው ዓመት ያበቃል» የሚል ከሆነ፣ ያ ዕቃ ርካሽ የሆነው ጊዜው ሊያልፍ የቀረበ መድኃኒት በሚረክስበት ምክንያት ነው። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት በመሸጥ የሚገኝ ትርፍ ስምን እንደሚያጠፋ የማያውቅ ነጋዴ የለም።

ባለ ሱቁ በበኩሉ ዕቃውን ሸጦ ከማስረከቡ በፊት አምስት ደቂቃ ቢሠዋ ብዙ ይጠቅማል። ሣጥኗን ከፍቶ ገዢው ራሱ በመረጠው ቃል የአስተዳደሩን ቁልፍ ያስለውጠው፤ ቃሉን ግን እሱ አይያዘው። ያገለገለች ራውተር የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ከጀርባዋ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን ነገር ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ይዞታዋ ሳይመልሳት አይሽጣት፤ የቀድሞው ባለቤት ወይም ሌባ ያስቀመጠው ነገር በውስጧ ሊኖር ይችላልና። በእኛ ከተማ በዚህ የታወቀ ሱቅ ቢኖር ገዢው ከሩቅ ቀበሌ ጠይቆ ይመጣበታል ብዬ አምናለሁ።

ሣጥኗ ቀድሞ በቤታችን ያለችው እኛስ? ዛሬ ማታ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ልናደርገው የምንችለው አለ፤ አንድ ብርም አያስወጣም። ሁለቱንም ቁልፎች መለወጥ፤ የተለያዩም ማድረግ፤ ቃሉም ረዘም ያለና የሱቁ ስም ወይም ስልክ ቍጥር ያልሆነ ይሁን። ደብሊው ፒ ኤስ የሚለውንና ከሩቅ ማስተዳደሪያ የሚለውን ማጥፋት። እርማት ካለ መጫን። ብዙ ሣጥኖች የእንግዳ መረብ የሚባል ሁለተኛ በር ስላላቸው፣ ደንበኞችን በዚያ ማስተናገድና የሒሳብ ኮምፒዩተሩን በዋናው መረብ ለብቻው ማድረግ። መሣሪያው ከአገልግሎት ሰጪው ኩባንያ የመጣ እንደ ሆነ፣ በገዛ እጅ ከመነካካት ይልቅ ባለሙያውን «የአስተዳደር ቁልፉ ከፋብሪካ እንደ መጣ ነው ወይስ ተለውጧል?» ብሎ መጠየቅ። ይህን ማወቅ መብታችን ነው። ኢንተርኔቱ ያለ ምክንያት ሲዘገይ ወይም የማናውቀው ገጽ በራሱ ሲከፈት ደግሞ ነገሩን በመስመሩ ብቻ ሳናመካኝ ሣጥኗንም እንመርምር።

በመጨረሻ ለንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። የምክር ቤቶች ሥራ ለአባላት ዋጋና ገበያ ማስታወቅ ብቻ አይደለም። ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎችና የጥንቃቄ ነገሮች አንድ ገጽ በማይሞላ ግልጥ አማርኛ አሳትመው በየከተማው ላሉ አባሎቻቸው ቢያድሉ፣ ወጪው የወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። ከሚመለከተው ባለሥልጣንም ጋር ተነጋግረው፣ የሁሉም ቁልፍ አንድ የሆነ ሣጥን ወደ አገራችን እንዳይገባ የሚያደርግ ደንብ እንዲታሰብ ቢጠይቁ፣ ይህን ጥያቄ ከነጋዴው በፊት ሌላ ሰው ባያቀርበው ለነጋዴው ክብር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የእኛ መደብር ነገር በመልካም ተፈጸመ። ያ የጎረቤት ልጅ ተጠርቶ ባለ መደብሩ አጠገቡ ተቀምጠው ሁለቱን ቁልፎች በየተራ ለወጡ፤ ልጁም ቃሉን እንዳያይ ፊቱን ወደ በሩ እንዲያዞር ተደረገ። ከግድግዳው ላይ ወረቀቱ ተነሣ፤ ደንበኞችም በእንግዳው መረብ ይስተናገዳሉ። የመረቡ ስም ግን «ዱቤ ዛሬ የለም» እንደ ሆነ ቀረ። «እሱ አይለወጥ፤ እውነት ነው» አሉ ባለ መደብሩ።